በረዶው ሲለቅ ነይ

የኩመሊ ደሴት ሰው ፊቱን ሊያየው የማይፈልገውን እንግዳ «አትምጣ» አይለውም፤ ነውር ነው። «በረዶው ሲለቅ ና» ይለዋል፣ አለቀ። ክረምት ከሆነ የባሕሩ በረዶ መኪና ይሸከማል። በጋ ከሆነ ጀልባ አለ። ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ግን፣ በረዶው መልቀቅ ሲጀምር፣ በእግሬ ልሂድ ያለውን ያሰምጠዋል፣ በጀልባ ልሂድ ያለውን መንገድ ዘግቶ ያስቀረዋል። ሁለት ሳምንት፣ ሲከፋም ሦስት፣ ከወፍ በቀር የሚሻገር የለም። እንዲህ የተባለ ሰው ነገሩ ይገባዋልና አመስግኖ ይቀራል። ክፉ ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፣ ማንም ማንንም አላስቀየመም።

ሳይሚ ለእህቷ ለሌምፒ የጻፈችውም ይህንኑ ነው። ሌምፒ ፊንላንድን ለቃ ከሄደች ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ አርጀንቲና፣ ሚሲዮኔስ ውስጥ ሻይ ስታለማ ኖራለች። በዚያ ሁሉ ዘመን ሁለቱ እህትማማቾች አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እንግዲህ ባለፈው መስከረም «ባሌ ሞተ፣ ልጆቼ ራሳቸውን ቻሉ፣ አንቺን ሳላይ መሞት አልፈልግም፣ መቼ ልምጣ?» የሚል ደብዳቤ ሰደደች። ሳይሚ ደብዳቤውን አንድ ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ዓሣ ሁሉ አጽድታበታለች፤ ምን ታድርግ፣ ንዴቷ ነው። በመጨረሻ ብዕር አነሳችና «በረዶው ሲለቅ ነይ» ብላ መለሰች። ሌምፒ ኩመሊ ተወልዳ ኩመሊ ያደገች ሴት ናት፣ ይገባታል። ሳይሚ ፖስታውን ከሰጠች በኋላ እፎይ ብላ ራቷን በላች።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ሚያዝያ አልቆ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሳይሚ ስልክ ጮኸ።

«ሳይሚ፣ ሌምፒ ነኝ። ወደቡ ላይ ቆሜልሻለሁ።»

ሳይሚ ድምፁን አወቀችው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰምታው ባታውቅም አወቀችው። «የቱ ወደብ?» አለች፣ ሌላ የምትለው ቢጠፋት።

«ስንት ወደብ አለን? ማዶ፣ ራንታ ነኛ! ቤትሽን ከዚህ አየዋለሁ፤ ጣሪያውን ቀይ ቀብተሽዋል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በረዶው እየለቀቀ ነው እኮ!»

«በረዶው ሲለቅ ነይ ብለሽኛል እኮ።»

«ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም» አለች ሌምፒ፣ ረጋ ብላ። «ያመጣኝ ባለታክሲም ሲነግረኝ ነው የመጣው። በዚህ ወር እዚህ የሚመጣ የለም፣ ክረምቱ አላለቀ፣ በጋው አልገባ፣ ሆቴሉ ዝግ፣ ምግብ ቤቱ ዝግ፣ ምን ልታዪ ነው አለኝ። እህቴን አልኩት። ትወስጂኛለሽ ወይስ ልምጣ?»

«በምን ልትመጪ?»

«በእግሬ ነዋ።»

«ሰባ አንድ ዓመትሽ ነው! ጭራሽ ለይቶልሻል! አንድ እርምጃ ብታነሺ…»

«ዛሬ የወደቡ ማረፊያ ክፍል ውስጥ አድራለሁ። ነገ ፀሐይ ስትወጣ ካላየሁሽ እነሳለሁ» አለችና ዘጋችው።

ሳይሚ ስልኩን እንደጨበጠች ቀረች። መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ ደነገጠች። ምክንያቱም ሌምፒን ታውቃታለች፤ አደርጋለሁ ካለች ታደርጋለች።

ደሴቱ ላይ ስለ ሌምፒ የሚወራው አንድ ነገር ነው፦ እናቷን በሞት አፋፍ ላይ ጥላ የሄደች። ነገሩ የሆነው ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በዚሁ በሚያዝያ ነው። እናታቸው ሳንባዋን ታማ ተኝታ ነበር፤ አባት የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ያን ክረምት ማዶ ከርሟል። ሌምፒ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ በረዶው ለመጨረሻ ጊዜ ሰው በተሸከመበት ቀን ተሻግራ መድኃኒት ልታመጣ ሄደች። «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ነበር። በማግሥቱ የደቡብ ነፋስ ተነሣና በረዶውን ሰነጣጠቀው። እናትየዋ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ቤተ ክርስቲያኑም መቃብሩም ማዶ ነው፣ በረዶው እስኪለቅ የሚቀበር የለም። ሳይሚ እናቷን በሸራ ጠቅልላ ጀልባ ቤት ውስጥ አስተኛቻት፤ አሥራ ስምንት ቀን ብቻዋን አጠገቧ ተቀመጠች። በመጨረሻ የመጀመሪያዋ ጀልባ ስትመጣ ሌምፒ በላይዋ አልነበረችም። መርከብ ተሳፍራ ሄዳለች አሏት።

ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ ሳይሚ ለማንም ተንፍሳው አታውቅም።

ያኔ ስልክ የለም። ከማዶ መሻገር የሚፈልግ ሰው ራንታ ላይ እሳት አንድዶ ጭስ ያስነሳል። ከደሴቱ ደግሞ የጀልባ ሸራ በምሰሶ ላይ ይሰቀላል። ሸራው ከተሰቀለ «በረዶው ይሸከማልና ና» ማለት ነው። ከወረደ «ንቅንቅ እንዳትል» ማለት ነው። ሌምፒ ስትሄድ ሸራው ተሰቅሎ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከራንታ ጭስ ተነሣ። ሳይሚ ከእናቷ አልጋ ተነሥታ ወጣች፣ ጭሱን አየች፣ ገመዱን ፈታች፣ ሸራውን በገዛ እጇ አወረደችው። በሦስተኛውም ቀን ጭስ ነበር፣ በአራተኛውም። ሸራው እንደወረደ ዋለ። ሌምፒ መድኃኒቱን ይዛ ማዶ ቆማ እንደነበር ሳይሚ አሳምራ ታውቃለች። እያወቀች ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ጥላን የሄደች» ሲባል ዝም አለች፤ እሷም አብራ አለች። እሑድ እሑድ ስብከት በሬዲዮ ትሰማለች፣ መዝሙር ታዜማለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

አሁን ግን ማውረድ የምትችለው ሸራ የለም። ያቺ ሴት ነገ ትነሣለች። ሳይሚ ቦት ጫማዋን አጠለቀች።

ክረምቱን ደሴቱ ላይ የሚከርም ሌላ ሰው ታውኖ ብቻ ነው። ወንደላጤ ነው፣ ስልሳ አራት ዓመቱ። ስትገባ መረብ እየጠገነ ነበር።

«ታውኖ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ የበረዶ ጀልባዋን እናወጣለን።»

«እትዬ ሳይሚ፣ በደህና ነው? ልትዳሪ ነው ወይስ ልትቀበሪ?»

«እህቴ መጥታለች።»

«የቷ እህትሽ?»

«ስንት እህት አለኝ!»

«እኔ ምን አውቄ፤ አንዲት አለች ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ስሟን ስትጠሪ ሰምቼ አላውቅም።» መረቡን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ታዲያ ሁለት ሳምንት ትጠብቅ፤ ምን ያስቸኩላታል?»

«አትጠብቅም። ነገ በእግሯ ትነሣለች።»

«ማን ነገረሽ?»

«የእናቴ ልጅ ናት፣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።»

«ለድንበር ጠባቂዎቹ ደውይላቸውና በሄሊኮፕተር…»

«ሄሊኮፕተር የሚመጣው ለምጥና ሊሞት ላለ ሰው ነው። እሷ አላማጠች። የምትሞተው ደግሞ ነገ ነው፤ ያኔ ይመጡ ይሆናል።»

ታውኖ ሳቀ፣ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው። ወደ መስኮቱ ሄዶ ባሕሩን አየ። በረዶው ነጭ አልነበረም፤ ግራጫ ሆኖ እዚህም እዚያም ጠቁሯል። የሚያዝያ በረዶ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን መርፌ መርፌ ሆኖ ተበትኗል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይሄ ነው።

«ጀልባዋ ሁለት ሰው ነው የምትፈልገው» አለ። «እኔ አንድ ነኝ። አንቺ ደግሞ ሰባ አራት ነሽ።»

«ሰባ አራትም ሆንኩ ሰባት፣ አንድ ሰው ነኝ። ካልመጣህ ብቻዬን እገፋታለሁ።»

«አይ አንቺ ሴትዮ! ካልደፈረሰ አይጠራም ይላሉ፤ የእናንተስ ድፍርስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርግ ከረመ?» እያጉረመረመ ተነሣና ከጀልባዋ ሥር ያለውን ብረት ሊስል ወደ ጀልባ ቤቱ ወጣ።

ብርሃን ገና ሲፈነጥቅ ወጡ። ሌሊቱን ውርጭ ስለነበረ በረዶው ጠንክሯል፤ ፀሐይ ከፍ ሳትል ደርሰው ካልተመለሱ ግን ይላላል። የበረዶ ጀልባ ከሥሯ ሁለት ብረት ተመትቶላታል፤ በረዶ ላይ ሲገፏት ትንሸራተታለች፣ ውሃ ላይ ስትገባ ትንሳፈፋለች። ገፊዎቹ በግራና በቀኝ ሆነው ጠርዟን ይይዛሉ። አንዱ ቢሰምጥ ጠርዙን አይለቅም፣ ሌላው ይጎትተዋል። ብቻውን የሚወጣ የሌለውም ለዚህ ነው። ሁለቱም በአንገታቸው ሁለት ሁለት ወስፌ አንጠልጥለዋል፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በረዶውን የሚቧጥጠው በዚያ ነው። ታውኖ በአንድ እጁ አንካሴ ይዞ ፊት ፊቱን እየወጋ ይሞክራል።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አላት መሀል ላይ።

«ጉልበቴ እቤት ቀርቷል፣ እኔ ነኝ የመጣሁት። ግፋ!»

ውሸቷን ነበር፤ ጉልበቷ እንደ እሳት ይፈጃታል። ግን ለመቆም ጊዜ የላትም። ዓይኗን ከራንታ ላይ አልነቀለችም። «አንድ ጊዜ ቀርቻለሁ፣ አሁን አልቀርም» ትላለች በልቧ፣ በየእርምጃው። ሁለት ጊዜ እግሯ እስከ ጉልበቷ ሰመጠ፣ ሁለት ጊዜ ጠርዙን ይዛ ወጣች። ታውኖ «እንመለስ» ሊል አፉን ሲከፍት ፊቷን አይቶ ዘጋው።

ፀሐይ ወጣች። በዚያው ቅጽበት ከራንታ በኩል አንድ ቀይ ነገር በረዶው ላይ ሲንቀሳቀስ አዩ።

«ያ ምንድን ነው?» አለ ታውኖ። «በጌታ! ሻንጣ እየጎተተች ነው እንዴ?»

ሌምፒ ናት። ፀሐይ ስትወጣ እነሣለሁ ብላ ነበር፣ ተነሣች። ቀይ የአርጀንቲና ካባ ደርባለች፣ በአንድ እጇ በትር ይዛለች፣ በሌላው ባለጎማ ሻንጣዋን በባሕሩ ላይ እየጎተተች ትመጣለች፤ ልክ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያለች ነው የምትመስለው። ጥቂት ፈቅ ብላ ብትሄድ ደህና ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ የምትመጣው ወደ ጥቁሩ ነው፤ ራንታ አጠገብ ባሕር ከሚገባው ወንዝ የሚመጣው ውሃ በረዶውን ከሥር ወደ በላበት።

«ቁሚ!» ብላ ጮኸች ሳይሚ። «ሌምፒ! ባለሽበት ቁሚ!»

ሌምፒ ሰማች፣ ቆመችም። የሚያዝያ በረዶ ላይ ደግሞ የቆመ ሰው ነው የሚሰምጠው፤ ይህንን የኩመሊ ሕፃን እንኳ ያውቃል፣ ሳይሚ በድንጋጤዋ ረሳችው። በረዶው ከሌምፒ እግር ሥር ቀስ ብሎ ጎደጎደ።

«ተኚ! በሆድሽ ተኚ፣ አንቺ!»

ሌምፒ ተኛች፣ ግን ዘግይታ ነበር። በረዶው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተበትኖ እስከ ብብቷ ዋጣት። ሻንጣውን አቅፋ በእሱ ተንሳፈፈች።

ሳይሚ ጉልበት እንዳላት ረሳች፣ ዕድሜዋንም ረሳች። ጀልባዋን ገፉ፣ ገፉ፣ በረዶው ከሥራቸው ተሰበረና ጀልባዋ ውሃ ላይ ወደቀች። ሁለቱም ዘለው ገቡ። ታውኖ ቀዘፈ። ሳይሚ በሆዷ ተዘርግታ እጇን ሰደደችና መጀመሪያ ያገኘችውን ያዘች፤ ካባውን ነው፣ ካባው ሾለከ። እንደገና ሰደደች። ክንዷን ያዘች።

«ሻንጣውን ልቀቂው!»

«አ… አለቅም!»

«ልቀቂው እልሻለሁ!»

ታውኖ መቅዘፊያውን ጥሎ መጣና ሦስቱንም፣ ሁለቱን አሮጊቶችና ሻንጣውን፣ እየተራገመ ወደ ጀልባዋ ጎተታቸው። ሌምፒ ጀልባዋ ውስጥ ተጋድማ ውሃ ተፋች። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ የሳይሚን ፊት ትክ ብላ አየች።

«አርጅተሻል» አለች።

«አንቺስ ልጅ ነሽ?» አለች ሳይሚ፣ ደረቅ ካፖርቷን አውልቃ እየጠቀለለቻት።

«ወዴት ልንዳ?» አለ ታውኖ። «ራንታና ቤት እኩል ነው። ራንታ አምቡላንስ አለ።»

«ራንታ ከመለስከኝ ተመልሼ እገባበታለሁ» አለች ሌምፒ።

«ሰማሃት አይደል» አለች ሳይሚ። «ወደ ቤት!»

ሲመለሱ በረዶው መላላት ጀምሮ ነበር። ሌምፒ ጀልባዋ ውስጥ ተጠቅልላ፣ እነሱ ግራና ቀኝ ሆነው ገፉ። ሳይሚ የቀራትን ትንፋሽ ሁሉ ለመግፋት አዋለችው። ባሕሩ ዳር ደርሰው ብረቱ ጠጠር ሲነካ ታውኖ እዚያው በጀርባው ተዘርግቶ «ከእንግዲህ ሌላ እህት ካለሽ አሁኑኑ ንገሪኝ» አላት።

ሳይሚ ከመውጣቷ በፊት ሳውናውን፣ በምድጃ የሚሞቀውን መታጠቢያ ጎጆ፣ አንድዳው ነበርና ሞቋል። እህቷን ልብሷን አስወለቀቻትና ደግፋ አስገባቻት። ሁለቱ አሮጊቶች ራቁታቸውን እንጨት አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኛ ዘንድ ሳውና ውስጥ አይጣሉም፤ ውሸትም አይወራም፤ ቤተ ክርስቲያን እንደ መግባት ነው። የሌምፒ ከንፈር ቀስ በቀስ ደም መሰለ።

«መድኃኒቱን ይዤ ሦስት ቀን ቆሜ ነበር» አለች ሌምፒ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ጭሱን አይተሽዋል ማለት ነው?»

«አይቼዋለሁ።»

ሌምፒ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። «እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመጣሁት ለዚህ ብቻ ነው፤ ከመለስሽልኝ በኋላ ከፈለግሽ አባርሪኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ ሸራውን ያወረደው ነፋስ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ጥሩ ቀን ሲሆን እንደዚያ እላለሁ። ክፉ ቀን ሲሆን ደግሞ፣ አይ፣ ከማዶ ሳየው በረዶው ደህና ይመስል ነበር፣ ያወረደችው ሳይሚ ናት፣ እናቴም እሷም ዓይንሽን አንይ ብለውኛል እላለሁ። ነፋስ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?»

ነፋስ ነው ብትላት ያልቅ ነበር። ሳይሚ ይህንን አስባለች፣ አልዋሽም። የደቡብ ነፋስ ያን ሳምንት እውነትም ነበር፤ ማን መስካሪ አለ? ሁለቱም ሰላም አግኝተው ይሞቱ ነበር። ግን እንዲህ ዓይነቱን ሰላም ሃምሳ ዓመት ቀምሳዋለች፣ ጣዕሙን ታውቀዋለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «በእጄ ነው ያወረድኩት።»

ሳይሚ ቀጠለች።

«ተሰቅሎ ብታይው ትነሺ ነበር። አውቅሻለሁ፣ ጠርሙሱን በብብትሽ ይዘሽ ትነሺ ነበር። ያን ቀን ደግሞ በረዶው ድመት አይሸከምም። አንዷ በእጄ ላይ እየሞተች ነው፣ ሁለተኛዋ ስትሰምጥ ቆሜ ልይ? እንዳትመጪ ብዬ አወረድኩት። አልመጣሽም። ስላልመጣሽ ደግሞ… ስላልመጣሽ ይኸው እስከ ዛሬ ተቀየምኩሽ።»

ይህን ስትል ራሷን ሰማችው። እንዲህ በግልጽ፣ ቃል በቃል፣ ለራሷም ብላው አታውቅም። አፏን በእጇ ያዘች። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ዝምታ፣ ለዚህ ነው? ልጅቷ እኮ ያጠፋችው ጥፋት ቢኖር እህቷን መታዘዟ ነው።

ሌምፒ ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ሳትደብቅ፣ እንደ ልጅ።

«ታላቄ ነሽ ብዬ ታዘዝኩሽ» አለች። «ሁለተኛ አትምጪ ያልሽኝ መስሎኝ አገር ለቅቄ ሄድኩ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደግሞ፣ ይኸው እንደገና ሸራውን አወረደችብኝ አልኩ። ልጆቼ እማዬ ተይው፣ በበጋ ትሄጃለሽ አሉኝ። በበጋማ ማንም ይመጣል። አሁንስ አልታዘዛትም አልኩና ቲኬቱን ቆረጥኩ።»

ሳይሚ እህቷን በሁለት እጇ ስባ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«ደግ አደረግሽ» አለቻት፣ እያለቀሰች። «እሰይ፣ ደግ አደረግሽ ያልታዘዝሽኝ።»